ሰንበትና ጀልባ ሲጣሉ ፍቅር የት ይግባ?

«ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። ግን አበው ሳይነግሩን ያለፉት አንድ ነገር አለ... ባሕሩ ዘንድ የሚወረደው በየትኛው ቀን ነው? የእኔና የእሱ ጠብ የተነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው። እኔ ባሕሩን አልጠላሁም፤ እሱም እግዜርን አልካደም። ጠባችን «ቅዳሜ የማን ናት?» የሚል ብቻ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እንደምን ሰንብታችኋል? ይህን የምጽፍላችሁ ከሐይፋ ነው። «የሐይፋ ጀልባ እኛን ምን ያገባናል?» እንዳትሉኝ! እናንተም ዘንድ እሷ ረቡዕና አርብ ስትጾም እሱ «ክትፎ ቤት ካልሄድን» እያለ የሚነታረኩ፣ እሑድ ጠዋት እሷን ቅዳሴ እሱን ደግሞ ሶደሬ የሚያምራቸው ጥንዶች ሞልተዋል። የጠቡ ስም ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በሳምንት አንዴ የምትገኘዋን የእረፍት ቀን ማን ይውሰዳት? ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። ቤተ እስራኤል ነን። ከእናቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ እስራኤል ስንመጣ 14 ዓመቴ ነበር። አባቴ በሕይወት ስለሌሉ የቤታችን ትልቅ ሰው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። እሳቸው ከእኛ 25 ዓመት ያህል ቀድመው የገቡ ናቸው። እንዴት እንደገቡ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

በእኛ ቤት ሰንበት ቀልድ አይደለም። አርብ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቤቱ ተጠርጎ፣ ገላ ታጥቦ፣ ነጭ ተለብሶ ያልቃል። በአያቴ ዘመን በሰንበት እሳት ጭራሽ ስለማይነድ ምግቡ ቀዝቃዛ ነበር። እናቴ ዛሬ ወጡን ቀድሞ በተለኮሰ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ታቆየዋለች፤ ቡናዋንም አርብ አፍልታ በፔርሙዝ ታስቀምጣለች። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ «ሰንበት ሰላም!» እንባባላለን። ስልክ ይዘጋል፣ መኪና አይነሳም። ቅዳሜ ማታ ሰማይ ላይ ሦስት ኮከብ እስኪታይ ድረስ ዓለም ከደጅ ትቆያለች። እኔ እንደ እናቴ የጠበቅሁ ሃይማኖተኛ አይደለሁም። ሰንበቷን ግን እወዳታለሁ። ሁለት ቦታ የምትሠራ እናቴ ቁጭ ብላ የማያት በዚያች ቀን ብቻ ነበር።

እሱን ያወቅሁት በሥራ ቦታ ነው። እዚሁ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ግን «ዓለማዊ» ከሚሏቸው ወገን። ሐይፋ ደግሞ ለእንደነሱ ዓይነቱ የምትመች ከተማ ናት፤ ከአብዛኞቹ የእስራኤል ከተሞች በተለየ እዚህ በሰንበትም የሚሠሩ አንዳንድ አውቶቡሶች አሉ። የወላጆቹ ቤት ባት ጋሊም በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ነው። አባቱ የቂሾን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ወደብ የምትቆም፣ ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር በሽርክና የገዟት አሮጌ ባለሸራ ጀልባ አለቻቸው።

የሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ተነስቶ እስከ ጥንታዊቷ የአኮ ከተማ እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፎ የተኛ ነው። ባንድ በኩል ተራራው፣ በሌላው የአኮ የድንጋይ ግንብ፣ መካከሉ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ የጭነት መርከቦች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባት፣ እናት፣ ልጆችና ምራት ተሰብስበው ሸራቸውን ዘርግተው እዚያ ይውላሉ። ሐብሐብ ይቆረጣል፣ ይዋኛል፣ ይዘፈናል። የእነሱ ቤተሰብ የሚሰበሰበው በዚያች ጀልባ ላይ ነው። ልብ በሉልኝ... የእነሱም ሰንበት ናት ማለት ይቻላል!

ከተዋወቅን ከስምንት ወር በኋላ «ቅዳሜ ነይና ቤተሰቤን ተዋወቂ» አለኝ።

«የት?» ስለው «ጀልባው ላይ ነዋ!» አለ፤ ሌላ ቦታ ያለ አይመስለውም።

«ቅዳሜ አልችልም፤ ሰንበት ነው።»

ሳቀ። «ስሚኝ እንጂ! ሸራ በነፋስ ነው የሚሄደው። ሞተር አላስነሳም፣ እሳት አልለኩስም። ነፋሱን የሚነዳው ራሱ እግዜር ነው። እኔ ምን ሠራሁ ልትይ ነው?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። «እናቴ ስላለች» ብዬ ብመልስለት እንደማይበቃው ስላወቅሁ ልጠይቅ ተነሳሁ።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል?

መጀመሪያ የሄድኩት በሰፈራችን ወዳለው ረቢ ዘንድ ነው። በረቢዎቹ ትምህርት በሰንበት የተከለከሉት ዋና ዋና ሥራዎች 39 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ መቋጠርና መፍታት ናቸው። «ያለ ገመድ የምትሄድ ባለሸራ ጀልባ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝና ሳቁ። ሚሽና የሚባለው የጥንት የሕግ መጽሐፍ ደግሞ በሰንበትና በበዓል ዛፍ ላይ መውጣትን፣ በእንስሳ መጋለብንና ውሃ ላይ መዋኘትን ባንድ ላይ ይከለክላል። የመዋኘቱ ምክንያት፣ ሰው ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ መንሳፈፊያ ነገር ልሥራ ወይም ልጠግን ይላል ተብሎ ስለተፈራ ነው። ሊቃውንቱ በትንሽ ጀልባ መንሸራሸርንም ከዚሁ ጋር አያይዘው ተናግረውበታል።

ከሁሉ የገረመኝ የሦስቱ ቀን ሕግ ነው። ታልሙድ፣ ለትእዛዝ ካልሆነ በቀር ሰው ሰንበት ሊገባ ከሦስት ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው በመርከብ አይነሳ ይላል። ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ማብራሪያ፣ ባሕር ለለመደው እንጂ ለአዲስ ሰው መጀመሪያዎቹን ቀናት ያጥወለውላል፤ ሆዱ እየተገለበጠ ሰንበትን በደስታ ሊያሳልፍ አይችልም ነው! አያችሁ፣ ሰንበት ደስታ መሆን አለበት ማለት ነው። ይቺን ይዤ ሄጄ ስነግረው እሱም ወደዳት። ግን ወዲያው «እኔ ደግሞ ደስ የሚለኝ ባሕሩ ላይ ነው!» ብሎ መለሰብኝ።

እሱም ዝም አላለም፤ አንብቦ መጣ። «ራባን ገምሊኤል ራሱ በሰንበት መርከብ ላይ ነበር!» አለኝ። እውነት ነው፤ ሚሽና ውስጥ አለ። ራባን ገምሊኤልና ጓደኞቹ ከጣሊያን አገር በመርከብ ሲመለሱ ሰንበት ባሕር ላይ ያዛቸው። ሁለቱ በመርከቡ ሁሉ ሲዘዋወሩ፣ ረቢ ኢያሱና ረቢ አኪባ ግን ከአራት ክንድ አንነቃነቅም ብለው በቦታቸው ዋሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደብ የደረሱት አርብ ከመሸ በኋላ ነበር። መውረድ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ሲባል ራባን ገምሊኤል «ሳይጨልም ከወሰኑ ውስጥ እንደገባን ሳይ ነበር» ብሎ ፈቀደላቸው። በሰንበት ሰው ከሰፈረበት ቦታ 2 ሺህ ክንድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ታልሙድ እንደሚለው ራባን ገምሊኤል ይህን ርቀት በየብስም በባሕርም የሚለካበት የማያ ቱቦ ነበረው።

«እና ሊቁ ሄዶ የለም?» አለኝ ወዳጄ።

«ሄዷል። ግን ሰንበት ደረሰበት እንጂ ሰንበትን መርጦ አልተነሳም» አልኩት። ተኮራረፍን።

ቀጥሎ የእኛን ቄስ ጠየቅሁ። እሳቸው ገመድም ቱቦም አልቆጠሩም። «ኩፋሌን አታውቂም?» ብቻ አሉኝ። መጽሐፈ ኩፋሌን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው የእኛው ግዕዝ ነው። የዕብራይስጡ ጠፍቶ ኖሮ ቁርጥራጩ የተገኘው እ.ኤ.አ. ከ1947 በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ ካሉት የቁምራን ዋሻዎች ነው። የዚህ መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ በሰንበት ከተከለከሉት መካከል መንገድ መሄድን፣ እሳት ማንደድን፣ በእንስሳ መጋለብንና በመርከብ ባሕር ላይ መጓዝን ይቆጥራል። ረቢዎቹ ኩፋሌን ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጥሩትም፤ ቤተ እስራኤልና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ግን ይቀበሉታል። እስቲ አስቡት... ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ሰዎች በሰንበት መርከብ እንዳይሳፈሩ ተጠንቅቀው ኖሩ!

የጋሼ ባሕር

ጠባችን ሲከር እናቴ ሁኔታዬን አይታ ለጋሼ ነገረቻቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን «የልጁ ቤተሰቦች የት ነው የሚኖሩት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ባት ጋሊም» አልኳቸው።

ጋሼ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «እኔን ያመጣችኝ መርከብ ስሟ ባት ጋሊም ነበር» አሉ። በዕብራይስጥ «የማዕበል ልጅ» ማለት ነው።

ታዲያላችሁ፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ታሪክ ያን ቀን አወጡልኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 የሃያ ዓመት ወጣት ሳሉ በእግራቸው ሱዳን ገብተው ገዳሪፍ አካባቢ በስደተኛ መጠለያ ነበሩ። በዚያ ዘመን የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ተከራይቶ የውሃ ዋና ቱሪስቶች ማረፊያ አስመስሎት ነበር። ቀን ቀን ፈረንጆች በጀልባ ይንሸራሸራሉ፣ ጠልቀው ዓሣ ያያሉ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ እነዚያው አስተናጋጅ መሳዮች ከመጠለያ ሰው በመኪና አምጥተው፣ በጎማ ጀልባ አሳፍረው፣ ራቅ ብሎ ወደቆመው የባሕር ኃይል መርከብ ያሻግራሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ባሕር ዳር ስለደረሱባቸው የማጓጓዙ ሥራ ወደ አውሮፕላን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልም የተሠራበት ታሪክ ይኸው ነው። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4 ሺህ እንደሚጠጉ ይነገራል።

«ባሕር መሆኑን አላወቅሁም» አሉኝ ጋሼ። «ጨለማ ነው፤ መሬቱ ሲነቃነቅ ብቻ ነው የማውቀው። በእጄ ዘግኜ ቀመስኩት፤ ጨው ነው። አጠገቤ የነበሩት ሕፃናት ያስመልሳሉ፣ እናቶች አፋቸውን ይይዟቸዋል፣ ድምፅ እንዳይሰማ።» ከዚያ ቀን ወዲህ ጀልባ ላይ እግራቸውን አላሳረፉም።

«በሰንበት ቢሆንስ ኖሮ ጋሼ፣ ይሳፈሩ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? ለነፍስ ነዋ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል፤ ረቢዎቹ «ፒኩዋሕ ኔፌሽ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ ዕለቱ አርብና ቅዳሜ ነበር። በወትሮው በሰንበት የማይበረው አውሮፕላን ያን ዕለት በረረ።

ጋሼ ንግግራቸውን ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ጀልባ ኃጢአት የለባትም። እኔን አድናኛለች። ለነፍስ ሲሆን ሰንበትም ትጠብቃለች። ለሽርሽር ግን ስድስት ቀን አለልሽ። ልጁን በአርብ ጠይቂው። እምቢ ካለ ያን ጊዜ ነገሩ የቀን እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።»

አርቧ

ጠየቅሁት። በሁለተኛው ቀን መልሱን ይዞ መጣ፤ «አባቴ እሺ ብሏል፤ አጎትሽም ይምጡ ብሏል።» ጋሼ እንዴት እሺ እንዳሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሰኔ ውስጥ ነው። አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሳን። ጋሼ የነፍስ አድን ሰደርያቸውን ለብሰው፣ መካከል ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ከቀርሜሎስ ተራራ ላይ አልነቅል አሉ። ይኸው ነው መድኃኒቱ፤ ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ጀልባው መካከል ይቀመጥ፣ ሩቅ ይመልከት፣ ሆዱን ባዶ ሳያደርግ ደረቅ ዳቦ ይቅመስ። ሸራው ሲወጠር ጀልባዋ ዘንበል ብላ ውሃውን መቅደድ ጀመረች። የሞተር ድምፅ የለም፤ ነፋስና ውሃ ብቻ። ውዴ ባሕሩን ለምን እንደሚወደው ያኔ ገባኝ። ጋሼም ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ውሃው ሰደዱና ጣታቸውን ቀመሱ። «ጨው ነው» አሉ፤ ፈገግ ብለው።

አኮ ደርሰን ምሳ በልተን ስንመለስ 9 ሰዓት ሆነ። 10 ተኩል ላይ፣ ገና ከባሕረ ሰላጤው እኩሌታ ሳንደርስ፣ ነፋሱ ቁጭ አለ! ሸራው እንደ ታጠበ አንሶላ ተንጠለጠለ። አባቱ ሞተር ሊያስነሱ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ሻማ የሚበራው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ጋሼ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ፀሐይዋን ብቻ ያያሉ። እኔም በሆዴ «የራባን ገምሊኤል ቱቦ በኖረን!» እላለሁ።

አባቱ ግን የሚያስገርም ነገር አደረጉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ ባሕር የማይጠፉት ሰው፣ እጃቸው በዘይት ተነክሮ፣ ላባቸው ጠብ እያለ፣ በነዳጅ መስመሩ የገባውን አየር ለማስወጣት አንድ ሰዓት ከሩብ ታገሉ። መሀል ላይ ቀና ብለው ለጋሼ በዕብራይስጥ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሰንበትህ አይበላሽም» አሏቸው። ለ12 ሩብ ጉዳይ ላይ ሞተሩ አስነጠሰና ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ወደብ ገባን። ጋሼ ሲወርዱ የሰውዬውን ዘይታም እጅ ይዘው ግንባራቸውን ሳሟቸው።

ሰውዬው በሰንበት አያምኑም። ግን እንግዳቸው እንደሚያምን ያውቁ ነበር። ለእኔ ያን ቀን ቤተሰቡን መተዋወቅ ማለት ይህ ነበር።

ለእናንተ የምመክራችሁ

ከዚህ በመነሳት ከሃይማኖት ወይም ከልማድ የተለየ ሰው ለወደዳችሁ የምለው አለኝ። አንደኛ፣ የእረፍት ቀናችሁን ጉዳይ ከቀለበት በፊት ተነጋገሩበት። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጅ ቁጥር ተነጋግረው ስለ ቅዳሜና እሑድ ሳይነጋገሩ የተጋቡ ብዙ አይቻለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ጠብ ማለት በዓመት 52 ነው!

ሁለተኛ፣ «አልችልም» ስትሉ አብራችሁ «መቼ እንደምችል ልንገርህ» በሉ። እምቢታ ብቻውን በር ይዘጋል። ሦስተኛ፣ የራሳችሁን ልማድ ምክንያት እወቁ። «ቤተሰቤ ይቆጣል» የሚል መልስ ለአንድ ወር ይበቃ ይሆናል፤ ለዕድሜ ልክ አይበቃም። አራተኛ፣ በሁለታችሁ ልማድ መካከል የሚገናኝ ነገር ፈልጉ። እኛ አግኝተናል። በአይሁድ አዲስ ዓመት ታሽሊክ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሰዎች ወደ ውሃ ዳር ሄደው ይጸልያሉ፣ ኪሳቸውን አራግፈው ኃጢአታቸውን ወደ ባሕር እንደ መጣል ይቆጥሩታል። ዓለማዊው ወዳጄ ይህን ከአያቱ ጋር በልጅነቱ ያደርግ ኖሯል። አሁን በየዓመቱ ባት ጋሊም ዳር ቆመን ኪሳችንን አብረን እናራግፋለን።

አምስተኛና የመጨረሻው... ሰውየው ሰንበታችሁን ባያምንባት ግድ የለም፤ ስትቸገሩ ግን እጁን በዘይት ይነክርላችኋል ወይ? እሱን እዩ።

ተጋብተናል። አርብ ጠዋትና በበጋ ምሽቶች አብረን ባሕር እንወጣለን። በወር ሁለት ቅዳሜ እሱ ከእኛ ጋር የእናቴን ዳቦ ይቆርሳል፤ ሁለቱን ከአባቱ ጋር ጀልባ ላይ ይውላል። እናቴ ይህን አልወደደችውም፤ ግን ዳቦውን ታስቀምጥለታለች። ጋሼ ደግሞ ታልሙድ ማመስገን አለባቸው የሚላቸውን አራት ሰዎች ረቢው ከነገሯቸው ወዲህ ይቆጥሯቸዋል፤ ባሕር የተሻገረ፣ በረሃ ያቋረጠ፣ ከሕመም የዳነ፣ ከእስር የተፈታ። «ሦስቱን አልፌያለሁ» ይላሉ፤ «አራተኛውን እግዜር ያርቀው።»

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሴት ልጃችን ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አባቷ ሊወጣ ሲል ባርኔጣውን አንስታ በር ላይ ቆመች፤ አያቷ ደግሞ ከወዲያ «ነይ ዳቦሽን ብዪ» እያለች ትጠራታለች። እኔና እሱ ቅዳሜን ተካፍለናል፤ ልጅ ግን ለሁለት አትከፈልም። ከዚህ በፊት በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ሰላም ሁኑልኝ!